የእናቴ ዓይን ትራኮማ ነው ተባለ፤ ስልኬ ግን ሌላ ነገር ይለኛል

የመጋላ ሰፊ (ድሬዳዋ)

ሰላም ጀመዓ። መጋላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ሕክምና የማውቀው ስለሌለ ጥያቄዬ የሞኝ ቢመስላችሁ አትሳቁብኝ።

እናቴ ከፈዲስ ገጠር መጥታ እኛ ጋ መኖር ከጀመረች ሰነባብታለች። ዕድሜዋን በትክክል አታውቀውም፤ በግምት ወደ ሰባ ይጠጋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳውቃት ዓይኗን እያሸች ነው። ፀሐይ አትችልም፤ ከቤት ስትወጣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ታወርደዋለች። የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ወረንጦዋን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትይዘው። የጎረቤት ልጅ ትጠራና ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ «ያቺን የምትወጋኝን ንቀዪልኝ» ትላታለች። ከተነቀለላት በኋላ ጥቂት ቀን እንቅልፍ ታገኛለች፤ ከዚያ እንደገና ያው ነው።

ሰሞኑን ግራ ዓይኗ ቀልቶ እንባው አልቆም ሲል፣ ሌሊቱንም ስትገላበጥ ስታድር፣ ወደ ሕክምና ወሰድኳት። ያየቻት ልጅ የዓይን ቆቧን ገልብጣ በባትሪ አየችና «ማዝ ነው፤ ትራኮማ። ፀጉሩ ወደ ውስጥ ተቀልብሷል፤ ትንሽ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል» አለችን። ወረፋው ብዙ ስለነበር ሌላ ሳልጠይቅ ወጣን።

ማታ ሱቄን ዘግቼ ስልኬ ላይ ትራኮማ ብዬ ስፈልግ «ክላሚዲያ ትራኮማቲስ» የሚባል ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው ይላል። ክላሚዲያ ብዬ ስገባ ደግሞ የአባላዘር በሽታ ነው ይላል! ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል እያነበበች ነበር። ምንም አላለችም፤ ግን በማግስቱ የእናቴን ፎጣ ለብቻው ስትሰቅል አየኋት። አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ እናቴ ደግሞ ሰላቷን የማታጓድል ሴት ናት። ይህን ነገር በየት በኩል አንስቼ ማንን ልጠይቅ?

እና የምታውቁ ካላችሁ፣ ይህ ያ በሽታ ነው ወይስ ሌላ? የአራት ዓመት ልጄ ከአያቷ ጋር ነው የምትተኛው፤ ይጋባባት ይሆን? እህቴም ገጠር ትንንሽ ልጆች አሏት፤ ለዒድ ሲመጡ ዓይናቸው ላይ ዝንብ አይጠፋም። ኦፕራሲዮኑስ ግድ ነው? በጠብታ የሚድን ከሆነ ይሻለኛል፤ እናቴ ምላጭ ሲባል ገና በስሙ ትርዳለች።

አቦል ድሬ

አቦ አይዞህ! ይህን ያህል አታካብደው። እኛ ሰፈር በየዓመቱ ቀይ ዓይን ይገባል፣ ቤቱን ሙሉ ያዳርሳል፣ በሳምንትና በዐሥር ቀን ይጠፋል፤ ያው እሱ ይሆናል። ኦፕራሲዮን ያልከውን ግን ተጠንቀቅ። አክስቴ ተሠርታ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላት ፀጉሩ ተመልሶ መጣ። ከመቆረጥ ጥሩ ኩል ይሻላል፤ ኩል ዓይን ያጠራል፤ የድሮ እናቶች ዓይናቸው የተጠበቀው በእሱ ነው።

ሲስተር ጁገል (ሐረር)

ወንድሜ፣ እኔ ነርስ ነኝ። የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ሠልጥኜ በምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ስዞር ኖሬያለሁ። ወረንጦ በሻሽ ጫፍ ስትል ቆቡ ሳይገለበጥ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። በየገጠሩ ወረንጦ የያዘች እናት ካየሁ ቀጥሎ የምፈልገው ፀጉሩን ነው።

መጀመሪያ ፎጣውን ከተሰቀለበት አውርድና ይህን ለባለቤትህ አንብብላት። ስልክህ አልዋሸም፤ ግን ግማሹን ነው የነገረህ። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ አንድ ባክቴሪያ ሆኖ ብዙ ዓይነት አለው። ትራኮማ የሚያመጡት ኤ፣ ቢ፣ ቢኤ እና ሲ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ከዓይን ወደ ዓይን ነው የሚሄዱት፤ በጣት፣ በፎጣ፣ በሻሽ ጫፍ፣ በዝንብ እግር። ከዲ እስከ ኬ ያሉት ናቸው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉት። እነሱም አልፎ አልፎ ዓይን ውስጥ መግባታቸው አልቀረም። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ክላሚዲያም ጨብጥም ወደ ዓይኑ ሊገባ ስለሚችል ነው ገና እንደተወለደ ቲቲሲ (ቴትራሳይክሊን የሚባል ባክቴሪያ ገዳይ) ቅባት የሚደረግለት። የእናትህ ዓይን ግን ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም። በልጅነታቸው፣ ፊት ሳይታጠብ ከሚዋልበት ቤት ያገኙት ነው። በዚህ በሽታ የሚያፍር ሰው ካለ ውሃ ያላደረሰላቸው እንጂ እሳቸው አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዛሬ እናትህን የሚያማቸው ባክቴሪያው ነው ብለህ አታስብ። እሱ ሥራውን ጨርሶ የሄደው ድሮ ነው። ልጅ ሳሉ ተያዙ፣ ዳኑ፣ እንደገና ተያዙ። ከዚያ የራሳቸውን ልጆች ሲያሳድጉ ከልጆቻቸው ደግሞ ወሰዱ። ሴቶች ላይ የሚበረታውም ለዚህ ነው፤ ልጅ የሚያቅፈው፣ አይናር የሚጠርገው፣ አጠገቡ የሚተኛው ማን ነው? እያንዳንዱ ሕመም የላይኛው ቆብ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠባሳ ትቶ ያልፋል፤ ጠባሳው ሲከማች ይኮማተራል። አንተ ሰፊ ነህ፤ ክሩ ሲጠብቅ የጨርቁ ጠርዝ ወደ ውስጥ እንደሚጠቀለል ታውቃለህ። የቆቡም ጠርዝ እንደዚያ ይጠቀለልና ፀጉሩን ይዞ ብሌኑ ላይ ያሳርፈዋል። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይቧጥጠዋል። ያ የተቧጠጠ ቦታ ቆይቶ ነጭ ይሆናል፤ ሰው በትራኮማ የሚታወረው እዚህ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ ጠብታ ይበቃል ወይ ላልከው፣ አይበቃም። ጠብታውም ቅባቱም ባክቴሪያ ይገድላሉ እንጂ ፀጉር አያቀኑም። አሁን የቀላው ዓይን ቁስል ይዞ ከሆነ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ለእሱም ቢሆን ሳትዘገይ አሳያቸው፤ የብሌን ቁስል ቀልድ አይደለም።

ቀዶ ሕክምናው ከስሙ ይልቅ ትንሽ ነው። ማደንዘዣ ቆቡ ላይ ይወጋል፤ እውነቱን ልንገርህ፣ የሚያመው ያ መርፌ ነው። ከዚያ ከቆቡ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ይከፈትና ጠርዙ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። ዓይኑ ራሱ አይነካም። ይህን ለእናትህ ደጋግመህ ንገራቸው፤ እናቶቻችን የሚፈሩት ዓይን ይወጣል ብለው ነው። በፋሻ ተሸፍነው በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ፤ ፋሻው በማግስቱ ይነሳል፤ ክሩ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። ሥራውን ብዙ ጊዜ የምንሠራው እኛው የሠለጠንን ነርሶች ነን፤ ዶክተር ካልመጣ ብላችሁ አትጠብቁ። አንድ ነገር ግን ቀድመህ እወቅ፤ ብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ አስቀድሞ ካለ በዚህ አይጠፋም። መውጋቱ ይቆማል፣ ጉዳቱም ባለበት ይቆማል። የሄደው ብርሃን ይመለሳል ብሎ ቃል የሚገባልህ ሰው ካለ አትመነው።

አቦል ስለ አክስትህ ያልከው እውነት ነው፤ ይመለሳል። የሚመለስባቸው ጥቂት አይደሉም፤ ስፌቱ በደንብ ካልተሠራም፣ ጠባሳው መኮማተሩን ከቀጠለም። ወላይታ ላይ በተደረገ ጥናት ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ጊዜ አዚትሮማይሲን የሚባለውን ባክቴሪያ ገዳይ የዋጡት፣ ቅባት ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ የመመለሱ ነገር በሲሶ ያህል ቀንሶላቸዋል። ስለዚህ ክኒኑን ጠይቁ። ከተመለሰም እንደገና ይሠራል፤ አክስትህን ውሰዳቸው።

ወረንጦውንም ቢሆን አልረግምም። ወደ ውስጥ የገባው ጥቂት ፀጉር ብቻ ሲሆን፣ ቀዶ ሕክምና አልፈልግም ላለ ሰው፣ በጥሩ ወረንጦ በደንብ መንቀል የሚመከርበት ጊዜ አለ። ችግሩ ጫፉ የተጣመመው የገበያ ወረንጦ ነው። ፀጉሩን ከሥሩ አያወጣውም፣ ይሰብረዋል፤ አጭሩ ጉቶ ደግሞ ከረጅሙ ይብሳል። እናትህ ላይ ግን ይህን ያህል ዓመት የቆየ ስለሆነ እኔ ብሆን አሠራቸው ነበር።

ኩሉን ተዉት። አንዳንዱ ኩል እርሳስ አለበት፤ መኳያዋ ደግሞ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ጎረቤት ትዞራለች።

ቀይ ዓይን ያልከው ሌላ ነው፣ አቦል። እሱ ድንገት ይመጣል፣ ያቃጥላል፣ ሰፈሩን ያዳርሳል፣ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። ትራኮማ ጩኸት የለውም። ልጁ ሜዳ ላይ ኳስ እየተጫወተ፣ ምንም ሳያመው፣ ባክቴሪያው የላይኛው ቆቡ ሥር ተቀምጦ ይገኛል። ገልብጠህ ካላየኸው አይታይም። ስትገለብጠው ነጣ ያሉ ትንንሽ እብጠቶች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ያ ልጅ ሕመሙ አለበት ብለን እንመዘግባለን።

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ የእናትህ አይደለም፤ እሳቸው መፍትሔ አላቸው። ያሳሰበኝ በአንድ መስመር ያለፍካቸው የእህትህ ልጆች ናቸው። ያንተ ልጅ ከአያቷ ጋር ብትተኛ ብዙም አልሰጋም፤ በዚህ ዕድሜ ፀጉር የተቀለበሰባቸው ሰዎች ቆብ ውስጥ ባክቴሪያው ብዙውን ጊዜ አይገኝም። ከአጎቷና ከአክስቷ ልጆች ጋር በአንድ ትራስ ስታድር ግን ሌላ ነገር ነው። የእህትህን ልጆች ለዒድ ሲመጡ ወስደህ አስገልብጥ። ካለባቸው አዚትሮማይሲን እንደ ክብደታቸው አንድ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ቲቲሲ ቅባት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት። ስድስት ሳምንት ስልህ ስድስት ሳምንት ነው፤ እናቶች ዓይኑ ሲጠራ ቱቦውን ለሌላ ልጅ ያስቀምጡታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ስለሆነ። በእኛ ገጠር ትልቁ ሰው በቀን አምስቴ ውዱእ ያደርጋል፤ ፊቱ ንጹሕ ነው። ፊቱ የማይታጠበው ሰላት ያልደረሰበት ሕፃን ነው፤ ባክቴሪያውም ያለው እሱ ላይ ነው! ለአባትየው ውዱእ የሚሆን ውሃ ያለበት ቤት ለልጁ ፊት የሚሆን ውሃ አያጣም። ጥቂት እፍኝ ይበቃል፤ ሳሙና ቢጠፋም ይሠራል። ሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ጄሪካን ይዘን የተሰለፍን ሰዎች ስለሆንን ውሃ ውድ መሆኑን አትንገሩኝ፤ አውቃለሁ።

ዝንቧም ተራ የቤት ዝንብ አይደለችም። ዓይን የምትወደው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ባለው ላይ አትራባም። ለእህትህ ሽንት ቤት ብትቆፍርላት ከምትገዛላቸው ልብስ ይበልጣል፣ አንተ ሰፊ ብትሆንም።

ባዮሎጂ መምህር (ሳቢያን)

ሲስተር ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ባክቴሪያዋ ብቻ ትንሽ ልበል፣ ተማሪዎቼ ሁሌም ስለሚጠይቁኝ።

ይህች ፍጥረት ለረጅም ጊዜ ቫይረስ ናት ተብላ ነበር የኖረችው። ምክንያቱም እንደሌሎቹ ባክቴሪያዎች ሳህን ላይ ምግብ ሰጥተዋት አትበቅልም፤ ሕይወት ያለው ሴል ውስጥ ካልገባች አትባዛም። እ.ኤ.አ. በ1907 ሃልበርሽቴተር እና ፕሮቫዜክ የተባሉ ተመራማሪዎች ጃቫ ደሴት ላይ ከትራኮማ ታማሚ ዓይን ወስደው ኦራንጉታን ዓይን ላይ አደረጉ፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሴሉ ውስጥ የተጠራቀሙ ቅንጣቶችን አዩ። አሳድጎ ለብቻ ማውጣት ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በ1957 ቻይናዊው ታንግ ፌይፋን በጫጩት ሽል፣ ማለትም በእንቁላል ውስጥ አበቀላት። እሷ መሆኗን ለማረጋገጥም የገዛ ዓይኑ ውስጥ ጨምሮ ታመመ። እኔ ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው «ቲቸር ይህ ሰው ጤነኛ ነው?» ይሉኛል።

ሁለት መልክ አላት። ከሴል ውጭ ስትሆን ትንሽና ጠንካራ ናት፣ አትባዛም፤ ከዓይን ወደ ዓይን የምትሻገረው በዚህ መልኳ ነው። ሴል ውስጥ ስትገባ ትተልቃለች፣ ትከፋፈላለች፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሴሉን አፈንድታ ትወጣለች። ጠባሳውን የሚያመጣው ግን በአብዛኛው የራሳችን ሰውነት በተደጋጋሚ ሲቆጣት ነው። የሲስተር «ዳኑ፣ እንደገና ተያዙ» ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ ተይዞ የዳነ ልጅ በዚህ አይታወርም።

አገራችን በትራኮማ ጫና ከዓለም የመጀመሪያውን ቦታ የያዘች ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 40 በመቶ ገደማ ንቁ ትራኮማ፣ ማለትም ገና ጠባሳ ሳይሆን ቆቡ ሥር ያለው ሕመም፣ ነበረባቸው፤ ከዓይን ሞራ ቀጥሎም ብዙ ሰው ያሳወረው እሱ ነበር። ይጠፋል ወይ ለሚል፣ ጋና እ.ኤ.አ. በ2018 የሕዝብ ጤና ችግር እስከማይሆን ድረስ አጥፍታዋለች።

አቦል ድሬ

እሺ ሲስተር፣ ተሸንፌያለሁ፤ አክስቴን እወስዳታለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ገጠር የትራኮማ ዘመቻ ሲመጣ ያመመውንም ያላመመውንም አሰልፈው ክኒን ያስውጡታል። ጤነኛ ሰው ለምን መድኃኒት ይውጣል? ለፈረንጅ ካምፓኒ ገበያ አይደለም?

የመጋላ ሰፊ (ድሬዳዋ)

ሲስተር፣ አላህ ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ «እኔ ምን አልኩ?» አለችኝ፤ ፎጣው ግን ከኛ ጋር ተሰቅሏል። ልጄን ግን የራሷ ፎጣ ይኑራት ብዬ ለብቻዋ አስቀምጫለሁ፤ ይህስ ልክ ነኝ?

እናቴም ዓይኑ አይነካም ስላት ልቧ መለስ አለ። አሁን የያዛት ሌላ ነው። «ፊቴን በውሃ ካልነካሁ ሰላቴስ?» ትላለች። ስንት ቀን ነው ውሃ የማይነካት? ለእህቴም ልጆቹን ካሁኑ ይዛ እንድትመጣ ደውዬላታለሁ፤ ዒድን አልጠብቅም።

ሲስተር ጁገል (ሐረር)

የራሷ ፎጣ ማለፊያ ነው፤ ለልጅ ሁሉ እንዲያ ነው መሆን ያለበት።

አቦል፣ ዘመቻው ላይ የሚሰጠው ዚትሮማክስ (ያው አዚትሮማይሲን ነው) የሚሸጥ አይደለም። አምራቹ ፋይዘር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በስጦታ ነው የሚሰጠው። ሁሉም የሚውጠው ደግሞ ቅድም እንዳልኩህ ነው፤ የያዘው ልጅ አያመውም። ያመመውን ብቻ ብናክም ያላመመው ነገ መልሶ ይሰጠዋል። እንዲያውም ክኒኑ ወረዳ ሙሉ የሚሰጠው ዝም ብሎ አይደለም፤ መጀመሪያ ዳሰሳ ይደረጋል፤ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል ሕመሙ ያለባቸው ከ100 ልጅ 5 እና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ነው። እኛ ዘመቻ ላይ ሚዛን አንሸከምም፤ ልጁን ምልክት ያለበት ዘንግ አጠገብ አቁመን በቁመቱ ነው መጠኑን የምናውቀው። ትልልቆቹ ባለ 250 ሚሊ ግራሙን 4 ክኒን ይውጣሉ፤ ትንንሾቹ ሽሮፕ ይጠጣሉ። አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል፤ ያልፋል። ቁመታቸው እንዲረዝም ተረከዛቸውን የሚያነሱ ልጆች አሉ፤ ከትልልቆቹ ጋር ክኒን ልዋጥ ብለው!

የእናትህን ነገር ላምጣው። ፋሻው በማግስቱ ከተነሳ በኋላ ቅባት ይሰጣቸዋል፤ ቁስሉ እስኪደርቅና ክሩ እስኪወጣ ድረስ ያ ቆብ ደረቅ መሆን አለበት። የቀረውን ፊታቸውን፣ እጃቸውን፣ እግራቸውን መታጠብ ይችላሉ። ውዱኡን በምን ያሟሉት የሚለውን ሸሆቹን ጠይቅ፤ የታመመ ሰው ተየሙም (በውሃ ፈንታ በንጹሕ አፈር ማበስ) እንደሚፈቀድለት እናትህም አያጡትም። ብዙዎቹ እናቶች ለዚህ ብለው ነው ቀጠሮ የሚያራዝሙት፤ ከረመዳን በኋላ፣ ከአረፋ በኋላ ይላሉ። እንዳያራዝሙብህ። ፀጉሩ ረመዳንም አያውቅ።

መርፌው ላይ እጃቸውን የምትይዝ ሰው ይዘህ ሂድ፤ ባለቤትህ ብትሆን ደግ ነው። ቀጠሮ ስታስይዝም ሁለቱንም ዓይን ገልብጠው እንዲያዩላቸው ንገራቸው፤ ያመማቸው ግራው ቢሆንም ቀኙም ሊኖርበት ይችላል።